ያልተጠራ እንግዳ፤ ስለ ማስታወቂያና ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሁለት ሽማግሌዎች ገበጣ ሲጫወቱ አጠገባቸው የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንደኛው ጠጠሩን አንሥቶ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በሚያዞርበት ጊዜ ማንም አያናግረውም። ሰላምታ ሊሰጥ የመጣ እንኳ እጁ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ቈጠራው ከተቋረጠ ጨዋታው ይበላሻልና። ይህ በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ተጫዋቹም ተመልካቹም የሚያውቀው ጨዋነት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ለሚጫወተው ልጅ ግን ይህ ጨዋነት አልደረሰውም። ጣቱ በመስተዋቱ ላይ እየሮጠ ሳለ ጨዋታው ድንገት ይሰወራል፤ በምትኩ ስለማያውቀው ዕቃ የሚለፍፍ ፊልም መላውን ገጽ ይሸፍናል። የመዝጊያዋ ምልክት ከብዙ ሴኮንድ በኋላ፣ ከጤፍ ቅንጣት ያልበለጠች ሆና፣ ከአንድ ጥግ ብቅ ትላለች። ልጁ ምልክቷን ስቶ አጠገቧን የነካ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይፈልግ ወደ ሌላ ገበያ ይወሰዳል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው መቋረጥ ነው። ማስታወቂያ በጠቅላላው ክፉ ነው ለማለት አይደለም። በመርካቶ ከደጁ ቆሞ ዕቃውን እየጠራ የሚያሞግስ ነጋዴ ማንንም አልበደለም፤ መንገደኛው ሰምቶት ያልፋል። እጅ ይዞ ወደ ሱቁ የሚጎትተው ግን ሌላ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ከኮምፒዩተር ጋር የኖረ ሰው፣ ማለት ወዳጆቹ በፍቅርም በቀልድም “የኮምፒዩተር ሱሰኛ” የሚሉት ዓይነት ሰው፣ በማስታወቂያ ላይ ያለው ምሬት ሁሉ ሲጠቃለል በእነዚህ በሁለቱ ነጋዴዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚመለከት ነው። ምሬቱ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፤ በዚህም ይሳቅበታል። ሆኖም መሣሪያው እንዴት እንደ ተሠራ ከሌላው አብልጦ ያውቃልና ሊደመጥ ይገባዋል።

የነገሩ አጀማመር ሩቅ አይደለም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ከወጡባቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ኦክቶበር 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት ከገጹ ላይ ለኩባንያዎች ቦታ ሸጦ ማስታወቂያ አወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ነበር። ማስታወቂያው ጠባብና ረዥም ሰሌዳ ሆኖ በጋዜጣ ላይ ከሚታተመው ብዙም አይለይም ነበር። በዚያው ዓመት የኔትስኬፕ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የተባለውን ትንሽ ማስታወሻ ፈጠረ። ዓላማው አንድ የኢንተርኔት ሱቅ፣ ደንበኛው ከገጽ ወደ ገጽ ሲሸጋገር በቅርጫቱ የጨመረውን ዕቃ እንዳይረሳ ማድረግ ነበር። ሁለቱ ፈጠራዎች ለየብቻቸው ሲታዩ ጉዳት የላቸውም። ተጋብተው የወለዱት ግን ሌላ ነው። በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ሰሌዳ የሚሰቅል አንድ ድርጅት፣ ያው አንድ አንባቢ ከገጽ ወደ ገጽ ሲዘዋወር እግር በእግር ሊከተለው ቻለ። በዚህ ሥራ የታወቀውን ደብልክሊክን ጉግል በ2007 በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው የተስማማው ለሰሌዳው ሲል ብቻ አልነበረም።

ለመሐንዲስ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የብቅ ባዩ መስኮት ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ትራይፖድ የተባለ በማሳቹሴትስ የሚገኝ ድርጅት ግለሰቦች የራሳቸውን ገጽ የሚሠሩበትን ቦታ በነጻ ይሰጥ ነበር። ወጪውን በምን ይሸፍነው? ልዩ ልዩ መንገድ ከተሞከረ በኋላ በእጅ የቀረው ማስታወቂያ ሆነ። ታዲያ አንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውረኛ ነገር ካለበት የግለሰብ ገጽ ላይ ተለጥፎ አገኘና ተቈጣ። ኢታን ዙከርማን የተባለው የድርጅቱ ባልደረባ ችግሩን ለማስወገድ አጭር ፕሮግራም ጻፈ፤ ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት አደረገ። የመኪናው ስም ከነውረኛው ገጽ ተለየ፤ ነገሩም አበቃ።

በቴክኒክ በኩል ሲታይ መፍትሔው ፈጣንና ርካሽ ነበር፤ የታዘዘውንም በትክክል ይፈጽማል። በጉዳዩ ውስጥ ሦስት ወገኖች ነበሩ፤ ማስታወቂያ አውጪው፣ ድርጅቱና የገጹ ባለቤት። ሦስቱም የፈለጉትን አገኙ። አራተኛው ወገን አንባቢው ነበር፤ እርሱን የጠየቀው የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ትንሽ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ተባዛ፤ አንድ ገጽ ለማንበብ የተቀመጠ ሰው አሥር መስኮት ሲዘጋ የሚውልበት ዘመን መጣ። ዙከርማን በ2014 ዘ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ስለዚሁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲጀምሩት ሐሳባቸው መልካም እንደ ነበረም ገለጸ። ብዙዎች በሣቅ አለፉት። ነገር ግን አንድ ሠሪ በገዛ ስሙ ስለ ገዛ ሥራው ይቅርታ ሲጠይቅ መስማት በዚህ ሙያ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ በዚህ ጉባኤ ያሉ ሁሉ ያውቃሉ።

መከላከያው የመጣው ከተጠቃሚው ወገን ነው። በ2002 አንድ የዴንማርክ ተማሪ የመጀመሪያውን አድብሎክ የተባለ ማስታወቂያ አጋጅ ጻፈ። በ2004 ፋየርፎክስም የማይክሮሶፍት መቃኛም ብቅ ባይ መስኮትን ተጠቃሚው ሳይጠይቅ መዝጋት ጀመሩ። ብቅ ባዩ ከደጅ ተባረረ ማለት ነው። እርሱ ግን አልሞተም፤ ማስታወቂያ አጋጅ ወደማይደርስበት ቤት ገባ። ያ ቤት ጨዋታ ነው።

ጨዋታ እንዴት ለዚህ እንግዳ በሩን እንደ ከፈተ ለመረዳት ተጫዋቹ በየዘመኑ በምን ይከፍል እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል። በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል በአንድ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚጫወቱበትን መድ የተባለውን በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ሠሩ። ከውጭ የሚመጡ ተጫዋቾች የሚፈቀድላቸው የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ሥራ በማይበዛበት በሌሊት ሰዓት ነበር፤ ክፍያቸው እንቅልፋቸው ነበር ለማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ ተመሳሳይ ጨዋታዎች በአሜሪካ በሰዓት ሒሳብ ይሸጡ ጀመር። ሒሳቡ በሰዓት በሆነ ጊዜ ሻጩ የሚጠቀመው ተጫዋቹ ሲዘገይ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታውን የሚያረዝም ነገር ሁሉ ትርፍ ይሆናል። በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይንና በ2004 የወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በወር ክፍያ ሠሩ። የኋለኛው በአሜሪካ በወር 15 ዶላር ገደማ እያስከፈለ በ2010 ከ12 ሚሊዮን በላይ ከፋዮች ነበሩት። ወርኃዊው ክፍያ የራሱ ጉድለት ቢኖርበትም አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ሻጩ ተጫዋቹን ደስ ካላሰኘው በሚቀጥለው ወር ያጣዋል። የቀድሞው የኮምፒዩተር ወዳጅ ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሣው ወጣትነቱን ብቻ ናፍቆ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ነጻ ሆነ። ነጻ የሆነ ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ይከፈልበታል፤ ከፊሉ በጨዋታው ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ፣ ከፊሉ በማስታወቂያ።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ሴኮንድ መናገር ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የሚካሄድ ፈጣን ጨዋታ ዋና ጠላቱ መዘግየት ነው። ብርሃን በፋይበር ክር ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መልእክት ሄዶ ለመመለስ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ሊበቃው አይችልም። ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት እንደ መሆኗ ገመዱ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ወርዶ፣ ዞሮና በየጣቢያው ቆሞ ስለሚሄድ በእርግጥ የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በአዲስ አበባ የሚጫወት ወጣት ተኩሶ የሳተው ብዙ ጊዜ በዓይኑ ድካም ሳይሆን በዚህ ርቀት የተነሣ ነው።

መሐንዲሶች ይህን መዘግየት ለመሰወር የደከሙት ድካም ከሙያው መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። ጆን ካርማክ በ1996 መጨረሻ በወጣው ኩዌክወርልድ ላይ የተጫዋቹ ኮምፒዩተር የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ገምቶ እንዲያሳይ፣ መልሱ ሲደርስም ግምቱን እንዲያርም አደረገ። በስልክ መስመርና በሞደም የሚጫወት ሰው በዚህ ዘዴ ጠላቱን በእኩል ዓይን ሊያይ ቻለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድ አሥር ሚሊ ሴኮንድ ከዚህ፣ አምስት ሚሊ ሴኮንድ ከዚያ እየለቀመ ቀጥሏል። በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ ጨዋታ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 17 ሚሊ ሴኮንድ አይሞላም፤ በዚህች ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ፣ ድምፁ፣ የጠላት እርምጃ ሁሉ ተሠልቶ ያልቃል። እንግዲህ አንዱ መሐንዲስ መቶ ሚሊ ሴኮንድ ለመሰወር ዓመታት ሲደክም፣ በዚያው ሕንፃ በሌላ ክፍል የተቀመጠው ባልደረባው 30,000 ሚሊ ሴኮንድ የሚፈጅ ፊልም በአንድ ትእዛዝ ይሰካበታል። የሚያስገርመው ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ የሚመረጠው በዚያው ዓይነት ፍጥነት መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ለማን ይታይ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚጫረቱበት ጨረታ አንድ መቶ ሚሊ ሴኮንድ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል። ፍጥነቱ አለ፤ ለተጫዋቹ ግን አልዋለም።

ጨዋታና ማስታወቂያ ተስማምተው ሊኖሩ አይችሉም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቶች የእግር ኳስ ጨዋታ ሲጫወቱ በምስሉ ስታዲየም ዙሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይታያል። ማንም አያማርርም፤ እንዲያውም ሰሌዳ የሌለው ስታዲየም የውሸት ይመስላል። በ2008 የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ በርንአውት ፓራዳይዝ በተባለው የመኪና ውድድር ጨዋታ ውስጥ በመንገድ ዳር ባሉ ሰሌዳዎች ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ሾፌሩ አይቶት ያልፋል፣ መሪውን ግን አይነጠቅም። በ2020 ግን ዩኤፍሲ 4 በተባለው የትግል ጨዋታ ውስጥ የትግሉ ምርጥ ቅጽበት ተደግሞ በሚታይበት ጊዜ መላውን ገጽ የሚሸፍን ማስታወቂያ ገባ። ጨዋታው ደግሞ በሙሉ ዋጋ የተሸጠ ነበር። ተጫዋቾች ጮኹ፤ አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስም ማስታወቂያውን አወጣው። ከስታዲየሙ ሰሌዳና ከትግሉ ማቋረጫ መካከል ያለው ድንበር እንግዲህ ግልጽ ነው፤ አንደኛው በጨዋታው ዓለም ውስጥ ቦታ አለው፣ ሁለተኛው ዓለሙን ያፈርሳል።

ከመቋረጥ የሚብስም አለ፤ እርሱም ቊልፉን ራሱን ወጥመድ ማድረግ ነው። በዲሴምበር 2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ ከሚያሳትመው ከኤፒክ ጌምስ ጋር በተስማማው መሠረት ኩባንያው በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ። ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ለተጫዋቾች የሚመለስ ነበር። ኮሚሽኑ ያቀረበው ክስ፣ የቊልፎቹ አቀማመጥ ግራ የሚያጋባ ስለ ነበረ ተጫዋቹ ጨዋታው ገና እየተጫነ ሳለ ወይም ዕቃውን ለማየት ብቻ ሲሞክር በአንድ ንክኪ ሳያስበው ይገዛ ነበር የሚል ነው። የቊልፍ አቀማመጥ እንግዲህ በሩብ ቢሊዮን ዶላር የሚለካ የምሕንድስና ጉዳይ ሆነ። ቤልጅግም በ2018 በገንዘብ የሚከፈተውንና በውስጡ ያለው የማይታወቀውን የዕድል ሳጥን ከቁማር ቈጥራዋለች፤ ቁማር ነው የሚለው ፍርድ ለብዙ የድሮ ተጫዋቾች አዲስ ነገር አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ለየት ያለ ሰው አለ። የሃኖይ ነዋሪ የሆነው ቬትናማዊው የፕሮግራም ባለሙያ ዶንግ ንጉየን በ2013 ፍላፒ በርድ የተባለ እጅግ ቀላል ጨዋታ አወጣ፤ አንዲት ወፍ በቧንቧዎች መካከል ታልፋለች፣ ያ ብቻ ነው። ጨዋታው በ2014 መጀመሪያ በዓለም ገነነ። ገቢው በገጹ ላይ ከሚታይ ትንሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር፤ ንጉየን ራሱ ለጋዜጠኛ እንደ ተናገረው በቀን 50,000 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2014 ግን ጨዋታውን ከገበያ አነሣው። ሰው በዕረፍቱ ለጥቂት ደቂቃ እንዲጫወተው የሠራው ነገር ሱስ ሆኖ ስላገኘው እንደ ሆነ ገልጿል። ድርጊቱን ሞኝነት ያሉት ብዙ ናቸው። በቀን 50,000 ዶላር የሚተፋ ማሽን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ግን ሞኝ ነው ብሎ ለመፍረድ መቸኰል አያስፈልግም፤ ቢያንስ አራተኛውን ወገን ጠይቋልና።

ነገሩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ በወር አንድ ጊዜ ከፍሎ ያለ ገደብ የሚጠቀም ሰው ማስታወቂያ ጊዜውን ይወስድበታል እንጂ ገንዘቡን በቀጥታ አይወስድበትም። በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በጎንደር በሜጋባይት ፓኬጅ ገዝቶ የሚጠቀም ቤተሰብ ግን ማስታወቂያውን የሚያመጣለት ራሱ ገዝቶ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 30 ሴኮንድ የሚቆይ ፊልም በሴኮንድ 1 ሜጋቢት መጠን ቢላክ 3.75 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ እስከ ራት ድረስ ሃያ ማስታወቂያ ቢያይ 75 ሜጋባይት አለቀ፤ ጨዋታው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ጥቂቱን እንኳ አይፈጅም። እናቱ ማታ ለእኅቷ የድምፅ መልእክት ልትልክ ስልኩን ስታነሣ ፓኬጁ አልቋል። ልጁ ይወቀሳል፤ “ጌም ጨረሰው” ይባላል። ጨዋታው አልጨረሰውም፤ የጨረሰው እንግዳው ነው፤ የመጓጓዣውንም ሒሳብ የከፈለችው እርሷ ናት።

ሕጉ ከዚህ ምን ያህል ይደርሳል? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ በኢሜይልና በመሰል አድራሻ የሚላክ የንግድ መልእክትን የሚመለከት ድንጋጌ አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በሰው የግል መረጃ የሚሠሩትን የሚመለከት ነው። የጨዋታው ማስታወቂያ ግን “እስማማለሁ” የሚል ቊልፍ ተነክቶለት፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረዥም ውል ፈቃድ ሆኖለት ይገባል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነካውን ቊልፍ ፈቃድ ብሎ መጥራት ለሕግ ባለሙያ የሚተው ጥያቄ ቢሆንም፣ ቊልፉን የሳለው መሐንዲስ መልሱን ሳያውቀው አይቀርም።

የድሮው የኮምፒዩተር ወዳጅ ለዚህ ሁሉ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ ማስታወቂያን በጅምላ ማገድ። በዚህ በኩል ከእርሱ ጋር መስማማት አስቸጋሪ ነው። አጋጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚጠራውንም፣ እጅ ይዞ የሚጎትተውንም አንድ ላይ ያባርራል። በአማርኛ የምግብ አሠራር የሚጽፍ ወይም ለሕፃናት ፊደል የሚያስተምር አነስተኛ ገጽ ያለው ሰው ከትልቁ ኩባንያ በፊት የሚጎዳው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ማገድ የሚያውቅ ሰው ብቻውን ይድናል፤ ማገድ የማታውቀው እናት እንዳለች ትቀራለች። መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ራሱን አድኖ ዝም ካለ ዕውቀቱ ለጎረቤቱ ምን ጠቀመ?

ይልቅስ የጨዋታ ሠሪው ችግር ከየት እንደ መጣ መመልከት ይሻላል። በኢትዮጵያ ያለ ወጣት ሠሪ ማስታወቂያን የመረጠው ወድዶ አይደለም። ተጫዋቹ በውጭ ገበያ የሚሠራ የባንክ ካርድ በእጁ ስለሌለው፣ አሥር ብር ልክፈል ቢል እንኳ የሚከፍልበት መንገድ አልነበረውም። ዓይኑን እንጂ ገንዘቡን መሸጥ አይችልም ነበር። ይህ ግን ተለውጧል። ቴሌብር በሜይ 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ጥቂት ብር መክፈል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ታክሲም ሱቅም እየተቀበለው ነው። የትራይፖድ ሰዎች በእጃቸው ያልነበረው ነገር ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዱ አንባቢ ጥቂት ሳንቲም በርካሽ የሚቀበሉበት መንገድ ቢኖራቸው ኖሮ የመኪናውን ኩባንያ ቊጣ ማብረድ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት፣ በተለይም ጨዋታና የስልክ ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሁለት ነገር እንድትሞክሩ ትጠየቃላችሁ። አንደኛው፣ የምትሠሩት ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ውስጥ ለራሱ ሥራ ስንት ሜጋባይት፣ ለማስታወቂያ ስንት ሜጋባይት እንደሚጠቀም ለክታችሁ ከማውረጃው ቊልፍ አጠገብ ጻፉት፤ የአምፖል ሠሪ ዋቱን በአምፖሉ ላይ እንደሚጽፈው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከነጻው ጨዋታ ጎን ያለ ማስታወቂያ የሚሠራውን በጥቂት ብር በቴሌብር ሽጡት፤ ዋጋውም ከጨዋታው ስም በታች፣ ልጁም እናቱም ሳይቸገሩ ሊያነቡት በሚችሉት ጕልህ ቁጥር ይጻፍ።